ስምንት የጭነት መኪና ያቆመው ወረቀት

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ቢናገረው ያሳንሰዋል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት የገቡት ግን ማመልከቻ ሲያስፈልጋቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሕጉን ራሴ አንብቤ ተማርሁ፤ የናፍጣ ፖምፓ ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምሁ፤ የሰዓት ጥገና ያስተማረኝ የለም፣ ያስተማርኋቸው ግን አሉ። ባሕር ዳር ውስጥ የውርስ ክርክር ተነሥቶ "እስኪ አባባ አየነው ምን ይላሉ?" ሳይባል ያለቀ ካለ እኔ አልሰማሁም። መነጽር ያደረግሁት ዘንድሮ ነው፤ እሱም ለደቃቅ ጽሑፍ ብቻ።

ይህን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም። ቀጥዬ የምተርከውን የሚያነብ ሰው "ይህን ያህል ልጅ ይህን ማድረግ ይችላል?" ብሎ እንዳይጠራጠር ነው።

ባለፈው ሳምንት ዘንዘልማ ሄጄ ነበር። የልጄ ልጅ ቤት እያሠራ ነውና መሠረቱን እንዳይለት ለምኖኝ ነው። ሁለት ስህተት አገኘሁበት። ስመለስ ባጃጅ በመጠበቅ ላይ ሳለሁ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ከቆሙት የጭነት መኪኖች በአንዱ ሸራ ጥግ ተጠለልሁ። መኪናው በቆሎ ጭኗል። የራሰ ጆንያ፣ የናፍጣና መሞቅ የጀመረ በቆሎ ሽታ ባንድነት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ለጊዜው ዕድሜዬ ጠፋብኝ።

ሦስት ወጣት ሹፌሮች አጠገቤ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

"መንገድ ላይ ተገትረን ለዋልንበት ቀን ማን አሰበልን?" አለ አንዱ።

"ሁላችንም ባንድ ቀን ብናቆም ያስቡልን ነበር" አለ ሁለተኛው።

"ማን ይጀምራል? አንተ ትጀምራለህ?" አለ ሦስተኛው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ ስምንት የጭነት መኪና አቁሜ አውቃለሁ" አልሁት።

"ሹፌር ነበሩ እንዴ?"

"አልነበርሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ።"

ሳቁ። ባጃጁ ደረሰና ሳልነግራቸው ሄድሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ገና እየተሠራች ነበር። በየቦታው አሸዋ፣ ድንጋይና የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ቤታችን ሐይቁ ዳር፣ የቁንዝላ ጀልባ ጭነቱን ከሚያራግፍበት ቦታ አጠገብ ነበረ። እናቴ ጠላ ትሸጣለች። አባቴ ሞላ የአቶ ይመኑ ሹፌር ነው። አቶ ይመኑ ስምንት የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ በጀልባ የሚመጣውን በቆሎ ተቀብለው ወደ ጎንደር ይልካሉ።

አቶ ይመኑ ክፉ ሰው አልነበሩም። አመላቸው ግን እንዲህ ነበር፦ መኪና ከመንገድ ሲመለስ ከደጅ ወጥተው "እንዴት ናት? ጎኗን የነካት አለ? ዘይት በዛባት?" ብለው ይጠይቃሉ። አባቴን አይጠይቁትም። እኔም ይህን እየሰማሁ ስላደግሁ ተቀጣሪዋ መኪናዋ፣ አባቴ ደግሞ አጃቢዋ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ገንዘብ ይዞ የገባ ዕለት ከደሞዟ ያካፈለችው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ውለታዋን ለመመለስ ጧት ጧት ከሐይቁ ዳር ለጋ ሣር አጭጄ አፍንጫዋ ሥር አስቀምጥላት ነበር። ማታ ስመለስ ሣሩን አላገኘውም። የጎረቤት ፍየል መኖሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፊደል የቆጠርሁትም በእነዚሁ መኪኖች ላይ ነው። በየበራቸው የአቶ ይመኑ ስም፣ ከሥሩ የጭነት ልክ፣ ግንባራቸው ላይ ደግሞ "እግዚአብሔር ይመራሃል"ን የመሰለ ነገር ተጽፎባቸው ነበር። የማላውቀው ፊደል ሲገጥመኝ መንገደኛውን ሁሉ "ይህ ምን ይባላል?" እያልሁ እይዛለሁ። ስምንቱን መኪና አንብቤ ስጨርስ የቀረኝን ከሱቅ ሰሌዳ ለቀምሁ። ጽሑፌም የመኪና በር ጽሑፍ ሆነ፤ ፊደሎቼ ትልልቅ፣ ቀጥ ያሉ፣ በግራ ጎናቸው ጥላ ያላቸው ነበሩ። ዛሬም እንደዚያው ነው የምጽፈው፤ ሰዎች ከሩቅ ያውቁታል።

የሹፌሮቹ ሒሳብ በምልልስ ነበር። ጭነቱ ደርሶ መኪናዋ ስትመለስ ይከፈላቸዋል። በበጋ ይህ ደግ ነው፤ በክረምት ግን የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር መኪና ይውጣል። አባቴ ያን ዓመት በሰኔ መጨረሻ አሥራ አንድ ቀን እዚያ ተቀብሮ ሰነበተ። ጎማ ሥር ድንጋይ ሲደረድር፣ ቅጠል ሲያነጥፍ፣ ሌሊት ጭነቱን ሲጠብቅ ከርሞ ቤት ሲገባ ጭቃው ፂሙ ላይ ደርቆ ነበር። የያዘው የአንድ ምልልስ ሒሳብ ነው፤ ግማሹን መንገድ ላይ በብድር በልቶታል።

ያን ሰሞን ሹፌሮቹ እናቴ ቤት እየተሰበሰቡ ይነጋገሩ ጀመር። ከሁሉም የሚደመጠው አያ ሰይድ የሚባለው የወረታ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ጠላ ስለማይጠጣ እናቴ ለእሱ ብቻ ብርዝ ታስቀምጥለታለች።

"የጭቃ ይክፈሉን" አለ አያ ሰይድ አንድ ቀን። "ለተቀበርንበት ቀን የቀን ሒሳብ። ሌላ ምን ጠየቅን?"

"እንቢ ቢሉስ?" አለ አባቴ።

"እናቆማለን።"

"አድማ ነው የምትለው?" አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አድማ ያለ ሰው ጣቢያ ነው የሚያድር።"

"መኪናዋ ጣቢያ ስታድር ማን ያበላታል?" ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ቁም ነገሬን ነበር።

አባቴ አልሳቀም። መኪናዋን ካጣ የሚገባበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ወንድሙ የሚያርሳት ቁራሽ መሬት። እናቴ ይህ በተነሣ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል።

"እዚያ ሄጄ ጠላዬን ለማን ልሸጥ ነው? ለበሬ?" ትላለች።

"ፍል ውኃው አለልሽ፤ ታጠቢበታለሽ" ይላታል አባቴ።

"እድፍስ የለብኝም፤ የቸገረኝ ገንዘብ ነው።"

እንዲህ እየተባለ ሐምሌ ሚካኤል ደረሰ። አቶ ይመኑ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካህናት ጠርተው ያከብራሉ። በዚያው ዕለት የቁንዝላ ጀልባ በቆሎ ጭኖ ገባና "ዝናብ ሳይመታው ጫኑ" ብለው ላኩ። እኔ አባቴን ፍለጋ ጀልባው ዘንድ ወርጄ ነበር። አቶ ይመኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ አለፉ።

"ዛሬ ሚካኤል አይደለም ወይ?" አልኋቸው።

አቶ ይመኑ ፈገግ አሉ። "ጎማ በዓል የለውም፣ ልጄ።"

አያ ሰይድ መኪናው ላይ ወጥቶ ሸራ እየወጠረ ነበር። "ጎማስ የለውም፣ ጌታዬ" አለ ከላይ። "ሹፌሩ ግን አለው ሲሉ እሰማለሁ።"

"አንተን ደግሞ ስለ ሚካኤል ምን አገባህ?"

"እኔማ ለጓደኞቼ ብዬ ነው።"

ማታውኑ እናቴ ቤት ነገሩ ፈላ። "ሥራ እንቢ ያለ ሰው ይታሰራል" አለ አያ ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ። "በዓል አከብራለሁ ያለን ግን ማን ያስራል? አቶ ይመኑ ራሳቸው የሚዘጉበትን ቀን እኛ ብንዘጋ ምን ይሉናል?"

ሐሳቡን ያመጣው አያ ሰይድ ነው የሚሉ አሉ። አፉ የእሱ ነበር፤ ነገሩን የቀሰቀስሁት ግን እኔ ነኝ። "ሚካኤል አይደለም ወይ?" ያልሁት ማን ሆነና?

ከዚያ የትኞቹ በዓላት ይከበሩ በሚለው ተጣሉ። እያንዳንዱ የራሱን ታቦት ያነሣል፤ የሌላውን ይረሳል። በወረቀት ይሰፍር ቢባል ከሹፌሮቹ ማንበብና መጻፍ የሚችል ጌጡ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የአቶ ይመኑ ሚስት ወንድም ነው፤ ያን ሰሞንም ጎንደር ነበር።

"እኔ እጽፋለሁ" አልሁ።

"አንተ የመኪና በር እንጂ ምን ታውቃለህ?" አለኝ አባቴ።

"ይጻፍ" አለ አያ ሰይድ። "ብቻ ዋና ዋናዎቹን፤ ገበሬው የሚያከብራቸውን።"

"ዋና ዋናዎቹን" ማለቱን ሰምቻለሁ። አልዋሽም። ነገር ግን በማግስቱ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ደርድሬ፣ ጌሾ ከምትወቅጠው እናቴ አጠገብ ስቀመጥ ነገሩ ሌላ ሆነ። እናቴ ወሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

"በአንድ?"

"ልደታ።"

"በሁለት?"

"ዑራኤል... መሰለኝ። ጻፈው።"

"በሦስት?"

"በዓታ።"

ሙቀጫው ዱም ባለ ቁጥር አንድ ስም ይወጣል። አንዱን ቁጥር ዘልዬ ባዶ መስመር መተው አቃተኝ። ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት ጸሐፊው አለማወቁን ያሳብቃል፤ እኔ ደግሞ አላወቀም እንድባል አልፈለግሁም። ሠላሳውንም ሞላሁት። እያንዳንዱን ፊደል በግራ ጎኑ ጥላ አበጀሁለት። እናቴ አታነብም፤ ግን ራቅ አድርጋ አየችውና "ያምራል" አለች።

በዐሥራ አራት ጧት ሹፌሮቹ ደጃችን ተሰበሰቡ። "አየነው፣ ዛሬ ማን ነው?" አሉኝ።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። "አቡነ አረጋዊ።"

"አቡነ አረጋዊ ናቸው" ተባባሉና ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለአቶ ይመኑም በዓል ነው ብለው ላኩ። በማግስቱ "ዛሬስ?" ሲሉኝ ቂርቆስ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ "እሷስ ግድ ነው" አሉ። ያን ዕለት ዓርብ ስለነበር አያ ሰይድ "ዛሬ እንኳ እኔም የራሴ በዓል አለኝ" ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ።

አባቴ ቤት ዋለ፤ ቤትም አደረ። ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ጣራው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ደፈነ። በቀን ተኛ፤ እናቴ እየተራመደችው ስታልፍ "ይህን ግንድ ማን ጣለብኝ?" ትላለች፤ እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ ይስቃል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን በከሰል የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ስሙን አስጻፍሁት። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ግን መሪ የለመደ እጅ ከሰል ሲይዝ ይሰብረዋል።

"ይህቺ 'ላ' አንድ እግሯ ለምን ረዘመ?"

"እንደዚያ ነው የምትጻፈው።"

"አንድ ጎማዋ ጉድጓድ የገባ መኪና ትመስላለች" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተባትም።

በዐሥራ ሰባት፣ በእስጢፋኖስ ዕለት፣ ጌጡ ከጎንደር ገባ። መኪኖቹ ተሰልፈው ቆመው ቢያይ ግር ብሎት እናቴ ቤት መጣና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነበበ። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ከታች እስከ ላይ።

"ይህ ወረቀት የሥራ ቀን የለውም እኮ" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ዋና ዋናዎቹን ብቻ አልተባልህም?" አለኝ አባቴ።

"ዋና ያልሆነው የትኛው ነው?" አልሁት።

እርሳስ ተፈለገና አንዳንዶቹ ይሰረዙ ተባለ። አንዱ ቂርቆስ ይሰረዝ ሲል ሌላው "የልጄ ስም ነው፤ እናቱም ታማ ሰንብታለች" አለ። እስጢፋኖስ ይሰረዝ ሲባል "በገዛ ቀኑ?" ተባለ። እርሳሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የያዘው ሁሉ እንደ ፍም ቶሎ ያሳልፈዋል። በመጨረሻ አያ ሰይድ እጅ ገባ።

"አንተ ሰርዝልን" አሉት። "አንተን አይቀየሙህም።"

"የእናንተን ጻድቅ ሰርዤ የፎገራን ጭቃ በምን ልሻገር?" አለ አያ ሰይድ። "እንካችሁ እርሳሳችሁን።"

አድማ ለማለት የፈሩ ሰዎች እንዲህ ሆነው አድማውን ለመተው ፈሩ። ወረቀቱም እንዳለ ግድግዳው ላይ አደረ።

በማግስቱ አቶ ይመኑ መጡ። ጀልባው ዳር የቀረው በቆሎ ሸራው ሥር ሞቆ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ሽታው ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። የንስሐ አባታቸውን መምሬ አስረስን አስከትለዋል። የተጻፈውን ከሩቅ አይተው የማን እጅ እንደሆነ አወቁት፤ በየመኪናቸው በር ላይ ያለውን ይመስላልና።

"ሞላ፣ የልጅህ ሥራ ነው አይደል?"

"የልጄ ነው፣ ጌታዬ።"

"ቁልፍህን አምጣ። ከጎንደር ሌላ ሹፌር አስመጣለሁ።"

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። እናቴ መውቀጧን አቆመች። መኪናዋ በመስኮት ትታየኛለች፤ እንደ ሁልጊዜዋ ቆማለች፣ ምንም አልሆነችም። ተቀጣሪው እሷ ሳትሆን አባቴ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን ለመቅደድ ተነሣሁ፤ አያ ሰይድ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ከዚያ የራሱን ቁልፍ አውጥቶ አግዳሚው ላይ፣ ከብርዙ አጠገብ አስቀመጠ። "ለጎንደሩ ሹፌር" አለ። "ሁለት ቢነዳ ምን አለበት?" ሌላው ተከተለ። ከአባቴ ጋር ሰባት ቁልፍ ሲሆን ሁሉም ጌጡን ሳያዩት ጠበቁት። ጌጡ አቶ ይመኑን አየ፤ ጣራውን አየ።

"እህቴ ትገድለኛለች" አለና ስምንተኛውን አስቀመጠ።

አቶ ይመኑ ወደ ቄሱ ዞሩ። "መምሬ፣ ይህን ወረቀት ያንብቡልኝና ፍርድ ይስጡበት።"

መምሬ አስረስ ቀስ ብለው አነበቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "ጽሑፉ መልካም ነው" አሉ። "ዑራኤል ግን በሃያ ሁለት ነው።"

"መምሬ፣ እንዲያፈርሱልኝ እንጂ እንዲያርሙት አላመጣሁዎትም።"

"ማፍረስስ ይቻላል። ይህ ሁሉ መታሰቢያ ነው እንጂ ሥራ የሚከለከልበት ቀን አይደለም፤ እሱን እነግራቸዋለሁ።" መምሬ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "ነገር ግን በሚካኤል ዕለት አስጭነዋል ይሉኛል። እሱን ምን ብዬ ልፍረደው?"

አቶ ይመኑ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እናቴ ሳትጠየቅ ጠላ ቀድታ አቀረበችላቸው፤ ተቀበሏት።

"በሉ እናንተስ ምን ትፈልጋላችሁ?" አሉ መምሬ።

የመለሰው አባቴ ነው፤ ቁልፍ የሌለው ሰው። "ጌታዬ፣ መኪናዋ ጭቃ ስትገባ እኔም አብሬያት እገባለሁ። እሷ ስትወጣ ትታጠባለች። እኔ ለዚያ ቀን የሚታሰብልኝ የለም። የጭቃ ይታሰብልን፤ ይኸው ነው።"

እስከ ማታ ተከራከሩ። ሹፌሮቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሉ፤ አቶ ይመኑ ከአምስተኛው አሉ፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ለሚዋልበት ቀን ሒሳብ እንዲከፈል ተስማሙ። በሚካኤልና በታላላቅ በዓላት እንዳይጫን ተጨመረ። የአቶ ይመኑ ጸሐፊ ተጠርቶ ውሉን ጻፈ። ሹፌሮቹ እየተነሡ አውራ ጣታቸውን አተሙ፤ ጌጡ ፈረመ። የአባቴ ተራ ሲደርስ ቀለሙን ገፋ አደረገና ብዕሩን ጠየቀ። ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ ሞላ ብሎ ጻፈ። ትልቅ ስለሆነ የአቶ ይመኑን ፊርማ ግማሹን ሸፈነው።

"አንተ ደግሞ መጻፍ ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉት አቶ ይመኑ።

"ከአቡነ አረጋዊ ወዲህ።"

አቶ ይመኑ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ቁልፉን መለሱለት። እኔን ግን "ይህ ልጅ ግቢዬ እንዳይደርስ" አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በማግስቱ ገብርኤልን ሁላችንም ያለ ጭቅጭቅ አከበርን፤ በሃያ ጧት መኪኖቹ ተነሡ። አባቴ ከዚያ ምልልስ ሲመለስ በአጥር ቀዳዳ አየሁ። አቶ ይመኑ መጀመሪያ ዘይቷን ጠየቁ። ከዚያ ትንሽ ቆሙና "አንተስ፣ ሞላ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉት። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ያደረግሁት ይህ ነው። ሠላሳ ቅዱሳንን በሲሚንቶ ከረጢት ላይ በተራቸው ጻፍሁ፤ አንድ ብቻ ተሳሳተ፣ እሱም የእናቴ ነው። ስምንት የጭነት መኪና ያለ ዱላና ያለ ፖሊስ አቆምሁ። አንድ ቄስ ጽሑፌን መልካም ነው አሉ። በከተማው ከነበሩ ሹፌሮች ማንም ያላገኘውን የጭቃ ገንዘብ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮም ቢሆን፣ አስገኘሁ። አንድ ትልቅ ሰው ስሙን አስጻፍሁ። እናቴ ወንዛዬ ሄዳ ለበሬ ጠላ እንዳትሸጥ አደረግሁ። አባቴን ደግሞ፣ ከተወለድሁ ጀምሮ ማንም አድርጎት የማያውቀውን፣ ስድስት ሌሊት በተከታታይ ከቤቱ አሳደርሁት።